መጽሔት ግዙ፤ የዓመት ግን አትክፈሉ

በቀጥታ ልግባበት። ተማሪ ከሆናችሁ የወቅታዊ ጉዳይ መጽሔት ወይም ጋዜጣ አንብቡ፤ ገንዘብም አውጡበት። የዓመት ደንበኝነት ግን ለብቻችሁ አትግቡ። አራት አምስት ሆናችሁ አንድ ቅጂ በየዕትሙ ግዙ። ሐሳቤ ይኸው ነው። የቀረው ለምን እንዲህ እንደምል ነው፤ የቸኮለ ሰው እዚህ ጋ ቢያቆም አልቀየምም።

ነገሩን ያነሳችው የእህቴ ልጅ ናት። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ማኅበራዊ ሳይንስ። የኢኮኖሚክስ መምህሯ «ወቅታዊ ጉዳይ ካልተከታተላችሁ ይሄ ትምህርት አይገባችሁም» ብሏቸው ኖሮ፣ «ጋሼ፣ አንድ መጽሔት የዓመት ልክፈል ወይ?» አለችኝ። እናቷ መልሴን እንኳ አልጠበቀችም። «መጀመሪያ የመማሪያ መጽሐፏን ትጨርስ! ለፖለቲካ ወሬ የሚከፈል ብር የለኝም።» ቡናው እየተፈላ ነበር፣ ስለዚህ ጭቅጭቁ ሦስተኛው እስኪወርድ ድረስ ቆየ። እዚያ ያልጨረስኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ደንበኝነት። እኛ አገር የጋዜጣና የመጽሔት የዓመት ደንበኛ በአብዛኛው መሥሪያ ቤት ነው። ባንክ፣ ኤምባሲ፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ ሚኒስቴር። ፖስታችን ከድሮም የሚሠራው በሳጥን ቁጥር ነው፤ ደብዳቤ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው አልለመድንም። ስለዚህ ቅጂውን ለደንበኛ የሚያደርሰው በሞተር ወይም በእግር የሚዞር ልጅ ነው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው የቢሮ በር ነው እንጂ የእናንተን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ አይደለም። ቢሮ የደረሰው ቅጂ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፣ ኃላፊው ቢሮ ገብቶ ሳይገለጥ ይወጣል፣ መዝገብ ቤት ይከመራል፣ በመጨረሻም በኪሎ ተሽጦ ሱቅ ይገባና ቆሎ ይጠቀለልበታል። ግማሽ ርዕሰ አንቀጽ ከቆሎ መጠቅለያ ላይ አንብቤ ቀሪውን ፍለጋ ባለሱቁን «ሌላም ጠቅልልልኝ» ያልኩበት ቀን አለ። የመጣልኝ የጨረታ ማስታወቂያ ነው።

ተማሪው ያለው ሌላ ጋ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ አራት ኪሎን ያውቃል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እዚያው አጠገብ ስለሆነ ጋዜጣ ትኩስ በትኩስ የሚገኘው እዚያ ነበር። አዟሪዎቹ ታዲያ ከመሸጥ ሌላ ያከራዩ ነበር። ሳንቲም ትሰጡታላችሁ፣ የግንብ ጥግ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ፣ አንብባችሁ ትመልሳላችሁ። አብዛኛው ተከራይ ክፍት የሥራ ቦታ ፈላጊ ነው። አከራዩ ዓይኑን ከሰው እጅ ላይ አይነቅልም፤ አንዱ ማስታወቂያውን ቀዶ ኪሱ ከከተተው ያ ቅጂ ለቀጣዩ ሰው ዋጋ የለውማ። እኛ ተማሪዎች ማስታወቂያው ስለማይመለከተን ቀጥታ ወደ መሃል ገጽ ነበር የምንገባው። አጠገባችን ያለው ሰውዬ ሥራ ይፈልጋል፣ እኛ የመካከለኛው ምሥራቅን ጉዳይ እንፈታለን። አንድ ጊዜ ጮክ ብለን ስንከራከር «እናንተ ልጆች፣ እንጀራዬን ላንብብበት!» ብሎ የጮኸብን አይረሳኝም።

ስድስት ኪሎ ዶርም ስንገባ ደግሞ ማዋጣት ጀመርን። አዲስ ነገር ጋዜጣ በየሳምንቱ የሚወጣበት ዘመን ነው። አንድ ቅጂ ለዶርሙ ሁሉ። የጋዜጣ ጥሩነቱ ይከፋፈላል። ቅጠሉን እያወጣችሁ አንዱ ፖለቲካውን፣ አንዱ ኪነ ጥበቡን፣ አንዱ ኢኮኖሚውን ይወስዳል፣ አንዱ ደግሞ ስፖርት ለምን አነሰ እያለ ያጉረመርማል። መጽሔት ግን ስፌት አለው። ተራ መጠበቅ ግድ ነው። ተራ የሚጠብቀው ልጅ ከኋላ ቆሞ በትከሻችሁ ላይ እያነበበ «ግለጠው በቃ፣ ጨርሻለሁ» ይላችኋል። እናንተ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ናችሁ።

ከዚያ ክርክሩ ይመጣል። ያን ክርክር ጥሩ ያደረገው ልባሞች ስለሆንን አይመስለኝም። ሁላችንም ያነበብነው አንድ ጽሑፍ ነበር። አንዱ የሌለ ነገር ሲጨምር «የት ጋ አለ? አሳየኝ» ይባላል፣ ቅጂው አልጋ ላይ ነው፣ ይገለጣል፣ ወይ ይገኛል ወይ አይገኝም። ዛሬ ልጆቹ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ አንዱ ቲክቶክ ላይ ያየውን ይናገራል፣ ሌላው ቴሌግራም ላይ ያነበበውን፣ ሦስተኛው ትዊተር ስፔስ ላይ፣ በቀጥታ የድምፅ ውይይት፣ የሰማውን፣ ማንም የማንንም አላየም። «አሳየኝ» ሲባል ስክሮል ይጀመራል። ዳታ ያልቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የዓመት አትክፈሉ ያልኩት ስስት ይዞኝ አይደለም። በእኛ አገር መጽሔት የዓመት መክፈል ቁማር ነው። አንድ ዘመዴ፣ ንባብ የሚወድ ሰው፣ የአንድ መጽሔት የዓመት ከፍሎ ጥቂት ዕትም እንደደረሰው መጽሔቱ ቀረ። ስልክ ደወለ፣ አይነሳም። ቢሮው ሄደ፣ ሌላ ድርጅት ገብቶበታል። ገንዘቡን ውሃ በላው። እሱ እንኳ ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበው በሁለት ክፍል ሊወጣ የነበረ ቃለ ምልልስ ሁለተኛው ክፍል መቅረቱ ነበር።

ይሄ የአንድ መጽሔት ስንፍና ብቻ ቢሆን ስም ጠርቼ አለፍኩት ነበር። ታሪኩ ረጅም ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙ የግል ጋዜጦች ተዘጉ፣ አዘጋጆቻቸው ታሰሩ። ያ የዶርማችን አዲስ ነገር በ2002 ኅዳር ቆመ፤ አዘጋጆቹ አገር ለቀው ወጡ። በ2006 ክረምት ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴር ሎሚ፣ ፋክት፣ እንቁ፣ ጃኖ እና አዲስ ጉዳይ መጽሔቶች ላይ፣ ከአፍሮ ታይምስ ጋዜጣ ጋር፣ ክስ መመሥረቱን አስታወቀ። እነዚህ እኮ የዚያን ጊዜ አዟሪ ክንዱ ላይ ደርድሯቸው የሚዞር መጽሔቶች ነበሩ። ከገበያ ወጡ፣ ከአዘጋጆቹም ብዙዎቹ ተሰደዱ። አዲስ ስታንዳርድ በእንግሊዝኛ በየወሩ ይታተም ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ ጥቅምት 2009፣ ኅትመቱን አቁሞ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ቀረ። ከ2010 በኋላ በሩ ሲከፈት አዳዲስ መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። አሁን ደግሞ የሚያስቸግረው የወረቀት ዋጋ ነው። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ ማተሚያ ቤት ዋጋ ይጨምራል፣ መጽሔቱ ወይ ገጽ ይቀንሳል ወይ በሳምንት የነበረው በአሥራ አምስት ቀን ይሆናል ወይ ዝም ብሎ ይጠፋል።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት «ታዲያ ለምን ይገዛል? በነፃ ስልኬ ላይ አለ አይደል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስልኳ ላይ ያለውን አልንቅም። ቲክቫህ ኢትዮጵያን የመሰለ ከሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ገጽ የፈተና ውጤት መቼ እንደሚለቀቅ፣ የት መንገድ እንደተዘጋ፣ ማን እንደተሾመ ከማንም ቀድሞ ይነግራችኋል። ለዚህ መጽሔት አያስፈልግም። መጽሔት የሚያስፈልገው ወሬው ካለፈ በኋላ ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሳና ትንሽ ልቆይበት፤ ልጅቱንም ያሳመናት እሱ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። በዚያ ሰሞን ቴሌግራም ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የዚህ ባንክ መግዣ ይህን ያህል፣ የዚያኛው መሸጫ ያን ያህል፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላ። ከ57 ብር አካባቢ የተነሳው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ሁሉም ሰው ቁጥሩን ያውቃል። ምክንያቱን ግን ጠይቁ እስቲ።

ልጅቱን ጠየቅኳት። «መንግሥት ስለፈለገ» አለች። መማሪያ መጽሐፏ ላይ የምንዛሪ ተመን የሚባል ምዕራፍ አለ፤ መንግሥት የሚወስነው ቋሚ ተመን፣ ገበያ የሚወስነው ተንሳፋፊ ተመን፣ ትርጉማቸውን ሸምድዳዋለች። ምዕራፉና የሐምሌው ወሬ ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ቁጭ ብለን አገናኘናቸው። ኢትዮጵያ በ2007 ለውጭ ገበያ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ፣ ማለትም ወለድ የሚከፈልበት የብድር ሰነድ፣ ሸጣ ነበር። በ2016 ታኅሣሥ የዚያን ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። ልብ በሉ፣ ይህ ወሬ ሲወጣ ተማሪው ሁሉ አልፎት ነው የሄደው፤ ቦንድ ለማን ምኑ ነው? ከዚያ የዕዳ ሽግሽግ ድርድር አለ፣ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር የሚደረግ ድርድር አለ። ድርጅቱ በአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያጸደቀው ብሩ በተለቀቀበት በዚያው ቀን ነው። በአንድ ቀን መሆኑ አጋጣሚ አይደለም፤ ብሩን መልቀቅ ለብድሩ የተጠየቀ ቅድመ ሁኔታ ነበር። እንግዲህ ይህን ሰንሰለት አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ጽሑፍ አራት አምስት ገጽ ይፈልጋል፣ የሚጽፈው ሰው ደግሞ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ቴሌግራም አንዱንም የለውም። ደህና ጋዜጣ ወይም መጽሔት ሁለቱም አለው፣ ሊኖረውም ይገባል፤ ከሌለው ብራችሁን ለሌላው ስጡ።

ሌላም ነገር አለ። ስልክ የሚያሳያችሁ ትናንት የነካችሁትን ነው። ኳስ ከነካችሁ ኳስ ነው። መጽሔት ላይ ግን የከፈላችሁበትን ቃለ ምልልስ ፍለጋ ስትገልጡ ስለ አዋሽ ወንዝ ብክለት የተጻፈ ሁለት ገጽ መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል። አልፈለጋችሁትም። ግን ከፍላችሁበታል፣ ታክሲው ደግሞ ተጨናንቆ ቆሟል፣ ታነቡታላችሁ። እኔ ስለ ብዙ ነገር ያወቅኩት እንዲሁ ነው፣ ሌላ ነገር ፍለጋ ላይ ሳለሁ።

ኢንተርኔት መዘጋቱንም አትርሱ። በ2008 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ከተሰረዘ ወዲህ ፈተና በመጣ ቁጥር ኢንተርኔት መዝጋት የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር። ሰኔ 2011 አገሩ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ከረመ። አዟሪ አራት ኪሎ ላይ ለአንድ ሰሞን የነገሠው ያን ጊዜ ነው።

ወደ እህቴ ልመለስ። «የመማሪያ መጽሐፏን ትጨርስ» ያለችው ከሜዳ ተነሥታ አይደለም። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። ከመቶ ልጅ ሦስት። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማች እናት ልጇ እጅ ላይ መጽሔት ስታይ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። መጽሔት አንብቦ ማትሪክ ያለፈ ልጅ አለ ብዬም አልዋሽም። ፈተናው ላይ የወቅታዊ ጉዳይ ጥያቄ የለም። ፈተናው ሲቃረብ፣ ከፋሲካ በኋላ እንበል፣ መጽሔቱን ተዉትና ወርክሺታችሁን ሥሩ። ክረምት ላይ ትመለሱበታላችሁ።

ግን አንድ ነገር እህቴ ታውቃለች፣ አስተማሪ ስለነበረች። ልጆቹ የሚወድቁት ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይማራሉ፣ እንግሊዝኛ የሚያነቡት ግን መማሪያ መጽሐፍና የጥያቄ ወረቀት ብቻ ነው። ረጅም ምንባብ ሲመጣ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። በአማርኛ እንኳ ሦስት ገጽ ሳያቋርጥ የሚያነብ ልጅ እየጠፋ ነው፣ ቲክቶክን ልውቀስ ወይስ እኛን አላውቅም። በሳምንት አንድ ረጅም ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ከባድ ነገር አይደለም። መጀመሪያ በአማርኛ፤ አዲስ አድማስ አለ፣ ሪፖርተር አለ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ፤ ፎርቹን ወይም ካፒታል፣ ወይም የሪፖርተር እንግሊዝኛው። ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ፎርቹንን አስቀድሜ እመክራለሁ። ስለ ጤፍ ገበያና ስለ ባንክ ሲጻፍ ነገሩን ቀድማችሁ ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ እንግሊዝኛው ቢከብድም ሐሳቡ አይጠፋችሁም። የማታውቁትን አገር ጉዳይ በማታውቁት ቋንቋ መጀመር ነው ተስፋ የሚያስቆርጠው።

የውጭ መጽሔትስ? ብዙ ሰው ለልጁ የሚመኘው ዘ ኢኮኖሚስትን ነው። ከ1843 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ የሚወጣ፣ ጽሑፎቹ በአብዛኛው ያለ ጸሐፊ ስም የሚታተሙበት የለንደን ሳምንታዊ ነው። አጻጻፉ ቁጥብ ነው፣ አንድ ገጽ ላይ ብዙ ነገር ይጨምቃሉ፣ ለድርሰት ትምህርት ከዚያ የተሻለ ጥቂት ነው። ነገር ግን ክፍያው በዶላር ነው። የተማሪ ቅናሽ ቢኖረውም በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 በኋላ ዶላር በብር ስንት እንደገባ ከላይ ብለናል፣ የሚከፈልበት ካርድ ደግሞ ከተማሪ ቀርቶ ከአባትም እጅ በቀላሉ አይገኝም። ውጭ ያለ አጎት ወይም አክስት ካላችሁ የልደት ስጦታ አድርጋችሁ ጠይቁ፤ ጫማ ከሚልኩላችሁ ይሄ ይሻላል። አለዚያ ግን ዘ ኮንቲነንት የሚባል የአፍሪካውያን ሳምንታዊ አለ። በ2020 እንደ ፈረንጆቹ፣ በኮሮና ጊዜ የተጀመረ ነው፣ በፒዲኤፍ እየተዘጋጀ በዋትስአፕ የሚላክ። ነፃ ነው። ስልክ ላይ እንዲነበብ ተብሎ ስለተሠራ ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፣ የሚጽፉት ደግሞ እዚሁ አህጉር ላይ ያሉ ጋዜጠኞች ናቸው። ለዚህኛው ደንበኛ ሁኑ፣ ምንም አትከስሩም። የሱዳንን ጦርነት ከጎረቤት ዓይን ማንበብና ከለንደን ዓይን ማንበብ አንድ አይደለም፤ ሁለቱንም ብታነቡ ደግሞ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ገንዘብ ጨርሶ ለሌለው ቤተ መጻሕፍት አለ። አብርሆትና ወመዘክር አሉ። ስድስት ኪሎ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ራስ መኮንን አዳራሽ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። እዚያ የቆዩ መጽሔቶችን ማገላበጥ ሌላ ትምህርት ነው። መነንን ከንጉሡ ዘመን፣ የካቲትን ከደርግ ዘመን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ያኔ «ወቅታዊ» የነበረው ነገር አሁን መጨረሻው ይታወቃል። ማን በልበ ሙሉነት ተንብዮ እንደተሳሳተ ታያላችሁ። ማን በጥግ አምድ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ ጽፎ ልክ እንደነበረም ታያላችሁ። ከዚያ የዛሬውን መጽሔት ስታነቡ «ይሄ ጸሐፊ ከየትኛው ወገን ነው?» ማለት ትጀምራላችሁ።

እዚያው ሳላችሁ የተማሪዎቹን የራሳቸውን ጋዜጣም ጠይቁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታገል የሚባል ጋዜጣ ነበራቸው። ኅዳር 1962 ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው እዚያ ላይ ነው። ጥቂት ገጽ ናት። ብትስማሙባትም ብትናደዱባትም ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ስንጨቃጨቅባት አለን፣ አብዛኛው የሚጨቃጨቅባት ሰው ደግሞ አላነበባትም። ተማሪ ወቅታዊ ጉዳይ አንባቢ ብቻ ያልነበረበት ጊዜ ነበር ለማለት ነው። አሁን በየዩኒቨርሲቲው ያለው የግድግዳ ማስታወቂያ የዶርም ድልድልና የጠፋ መታወቂያ ነው።

ማዋጣቱን እንዴት እንደምታደርጉት ልንገራችሁና ልጨርስ። አምስት ሰው ይበቃል፤ ስምንት ሲሆን ቅጂው ይበጣጠሳል፣ ሁለት ሲሆን አንዱ ሲያኮርፍ ነገሩ ይፈርሳል። ብሩን አንድ ሰው በቴሌብር ይሰብስብ፣ ሁሌ የሚረሳው ልጅ ሰብሳቢ ይሁን፣ ያኔ አይረሳም። በየዕትሙ አንድ ሰው አንድ ረጅም ጽሑፍ ይመርጥና አምስቱም ያንን ያንብቡ፣ ሌላውን ማንበብ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ርዕስ ብቻ አንብቦ የሚከራከር ሰው የሚቀጥለውን ዕትም ብቻውን ይክፈል። (ይህን ሕግ ዶርማችን ውስጥ ያወጣው ልጅ የመጀመሪያው ተቀጪ ሆነ።) አሮጌው ቅጂ የማን ይሁን ለሚለው ዕጣ አውጡ፣ እንደ ዕቁብ በዙር ይድረሳችሁ።

አንድ መጽሔት ላይ ብቻም አትጣበቁ። የግል ገዝታችሁ ከሆነ በቀጣዩ የመንግሥቱን፣ አዲስ ዘመንን ግዙ፣ ርካሽ ነው። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን አንድን ጉዳይ ሁለቱ ላይ አስተያይታችሁ አንብቡ። አንዱ ሙሉ ገጽ የሰጠውን ሌላው ለምን በሦስት መስመር አለፈው? አንዱ የጠራውን ስም ሌላው ለምን «አንዳንድ አካላት» አለው? የእህቴ ልጅ ይህን ባለፈው ከጓደኞቿ ጋር ሞክራው ለግማሽ ቀን ሲስቁ ዋሉ። «አንዳንድ አካላት» አሁን የቡድናቸው ስም ሆኗል።

እናቷ? ተስማማች ማለት አይቻልም። አንድ ዕትም ግን ከሶፋው ላይ አንስታ የጤና አምዱን ስታነብ አይቻታለሁ፣ አየኋት እንዳልላት ዓይኗን መለሰች።

ዋጋቸው ስንት ነው ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ አልጽፍም። ይህን አንብባችሁ አዟሪው ጋ እስክትደርሱ ይጨምራል።